የጦር ሜዳ ተመላሾችን ያሰባሰቡት የወይዘሮ ዘሪቱ እንድሪስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዘሪቱ እንድሪስ ከአባታቸው ከሼህ እንድሪስ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ከድጃ አሊ በ1960 ዓ.ም. በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ በየጁ አውራጃ፣ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ቁርአንን ከአባታቸው ቀርተው፣ መርሳ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ።

በ1981 ዓ.ም.፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው፣ ከታጋዮች ጋር ተቀላቀሉ። ጥቂት ወራት የሕክምና ሥልጠና ወስደው እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ቁስለኛ ሲያነሡና ሲያክሙ ቆዩ። በ1987 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ተሰናብተው ትዳር ቢመሠርቱም ልጅ ሳይወልዱ በሦስተኛው ዓመት ከባለቤታቸው ጋር በሰላም ተለያዩ። በ1992 ዓ.ም. ለዑምራ ወጥተው፣ ሪያድ መላዝ ሰፈር ከባለቤቷ ከኢሊያስ ጋር ትኖር ከነበረችው ታናሽ እህታቸው ከራቢያ ዘንድ ደረሱ። ዑረይጃ በተባለ የሪያድ ሰፈር በአንድ ቤተሰብ ቤት ተቀጥረውም አሥራ አምስት ዓመት ሠሩ። የዚያን ቤት አራት ልጆች አሳድገዋል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የራቢያን ልጅ ኢክላስን ፀጉሯን እየሠሩ አማርኛ ያስተምሯት ነበር። ይህን ጽሑፍ የጻፈችው እርሷ ናት።

ዘሪቱ ታጋይ መሆናቸውን ለአሠሪዎቻቸው ነግረው አያውቁም። «ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር የኖረችን ሴት፣ ልጄን አሳድጊልኝ የሚላት ማነው?» ይሉ ነበር።

በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ዘሪቱ አሠሪያቸው የሆኑትን የቤቱን እመቤት ጉልበት ለማሳከም ሹመይሲ ሰፈር ወደሚገኘው ሆስፒታል ወሰዷቸው። ሴትዮዋ ወደ ኤምአርአይ ማሽኑ ከመግባታቸው በፊት በሰውነታቸው ውስጥ ብረት ይኖር እንደሆነ ተጠየቁ። ቀጥለው ተራ የደረሳቸው አቶ ሸምሱ የተባሉ የአገራቸው ሰው ነበሩ። እርሳቸውም ያንኑ ተጠይቀው «የለም» አሉ። አንገታቸው ላይ ያለው ጠባሳ ምን እንደሆነ ሲጠየቁም «ከፎቅ ወድቄ ነው» ብለው መለሱ። ዘሪቱ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ወንድሜ፣ ይህ የፍንጣሪ ጠባሳ ነው። ብረቱ ውስጥህ ካለ ማሽኑ ይጎትተዋል። ንገራቸው።»

«ወታደር እንደነበርኩ የሚያሠራኝ ከፊል ከሰማ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ አያድስልኝም።»

«መሞትህን ቢሰማስ?»

ሸምሱ ተናገሩ። በራጅ ሲታዩ አንገታቸው ውስጥ፣ ከደም ሥሩ አጠገብ፣ ሁለት ፍንጣሪ ተገኘ። የዘሪቱ አሠሪም ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ «ይህን ከየት አወቅሽ?» ብለው ጠየቋቸው። ዘሪቱ የዚያን ዕለት አልደበቁም። ሴትዮዋ «ቁስል የምታጥቢ ከሆነማ ጉልበቴን ማስታመሙን ለምን ለሌላ ሰው ትተያለሽ?» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሣም።

ሸምሱ የቀድሞው መንግሥት ሠራዊት አባል ነበሩ። እዚህ ሪያድም ራቢያ ለምትኖርበት ሕንፃ ቅርብ የሆነ ሌላ ሕንፃ ይጠብቁ ነበር። ቁስላቸውን ደብቀው የሚኖሩ ሌሎች ሰዎችንም ያውቃሉ። ሁለቱ ተመካክረው በግንቦት 2005 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዘጠኝ ሰው በራቢያ ሳሎን ሰበሰቡ። በአገሩ ደንብ መሠረት ሳሎኑ በመጋረጃ ተከፍሎ ሦስቱ ሴቶች ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጡ።

ሊያቋቁሙት ያሰቡት ክለብ «የቀድሞ ሠራዊት አባላት» ይባል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ዘሪቱ ከመጋረጃው ወዲያ «እኔስ በየትኛው ሠራዊት ልግባ?» አሉ። በዚህ ጊዜ አንድ እግራቸውን በጦርነት ያጡት አቶ ሙክታር «አንቺ የት ነበርሽ?» ብለው ጠየቁ።

«ጉና።»

የሙክታር ታላቅ ወንድም የሞተው ጉና ተራራ ላይ በተደረገው ውጊያ ነበር፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ሙክታር ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ። ከቀሩት አንዱ ወደፊት ማንም የነበረበትን ወገን እንዳይናገር ደንብ ይውጣ አለ። ዘሪቱ አልተስማሙም። «ደብቀን የኖርነው ይበቃል። የሚከፋው ይሂድ፤ በሩን ግን አንዝጋበት» አሉ። የክለቡም ስም «ከጦር ሜዳ የተመለሱ» ተባለ።

ክለቡ ታማሚ ይጠይቃል፣ ዐረብኛ ለማይችል ሐኪም ቤት አብሮ ይሄዳል፣ ለተሰበረ ምርኩዝ ሌላ ያፈላልጋል። ከሁሉም በላይ ግን በየዓርቡ ሰው ያየውን የሚናገርበት ቦታ ሆነ። ከሁለቱም ወገን ሠላሳ አንድ አባላትም አፈራ።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አብቅቶ ኢቃማ የሌለው ሁሉ ሲያዝ፣ ከአባላቱ አሥራ አራቱ ወረቀት አልነበራቸውም። ክለቡ ማንም ብቻውን እጁን እንዳይሰጥ ወሰነ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሄዱ። ሙክታርም ወረቀት አልነበራቸውም። ተደብቀው በከረሙበት ክፍል ሰው ሠራሽ እግራቸው ፍቆ አቁስሏቸው፣ አንድ ቀን በሸምሱ ተደግፈው የራቢያን ደጅ አንኳኩ። «ያቺ ሴትዮ አለች?» አሉ።

ዘሪቱ ከአሠሪያቸው ፈቃድ ጠይቀው ዘጠኝ ቀን በተከታታይ እየመጡ ቁስሉን አጠቡ። መጋረጃው ተገለጠ፤ ራቢያም ውሃ እያቀረበች አጠገባቸው ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ሙክታር ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«ጉና ላይ የእኛን ቁስለኛ ታነሱ ነበር?»

«ያገኘነውን አነሣን» አሉ ዘሪቱ። «ሁሉን ግን አላገኘንም።»

 ይህን ሲሉም ማጠቡን አላቋረጡም። ፋሻው ሲታሰር ሙክታር «ቀስ በይ እህቴ፣ ያመኛል» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ «ያቺ ሴትዮ» ብለዋቸው አያውቁም። በታኅሣሥ ወር ቁስላቸው ደርቆ አገራቸው ገቡ።

ለሌላው «ለሐኪም ንገር» ሲሉ የኖሩት ዘሪቱ፣ ጡታቸው ላይ ያገኙትን እብጠት ግን ሰባት ወር ደበቁ። ለምን ብላ ኢክላስ ስታለቅስባቸው «ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም» አሏት። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ አቁመው በእህታቸው ቤት ሲታከሙ፣ የክለቡ አባላት ተራ ገብተው አስታመሟቸው። አሠሪያቸውም ሁለት ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው ጠይቀዋቸዋል። ዘሪቱ ሐሙስ ነሐሴ 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ፣ ሸሃዳቸውን ይዘው፣ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ተሰግዶባቸው፣ በአንድ ወቅት ባንድ ተራራ ላይ ይታኮሱ የነበሩ ሰዎች አብረው ተሸክመው እዚሁ ሪያድ ቀበሯቸው።

ከኋላቸው እህታቸው ራቢያ፣ አማቻቸው ኢሊያስ፣ የእህታቸው ልጅ ኢክላስ፣ መርሳ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ዓይሻና ወንድማቸው ያሲን ቀርተዋል። ይህ ጽሑፍ ተጠናቆ ሳለ ሙክታር ከአገር ቤት ደውለው «ስሜን ከክለቡ አባላት ጋር እንዳትጽፉት። ከወንድሞቿ ጋር ጻፉልኝ» ብለዋል። ስለዚህ የዘሪቱ ወንድሞች ሁለት ናቸው፦ ያሲን እንድሪስና ሙክታር።

አላህ ያጠቡትን ቁስል ሁሉ በመልካም ሚዛናቸው ላይ ያኑርላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው። ለእኛም ሰብሩን ይስጠን። አሚን።