የሐምሌውና የታኅሣሡ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.

...ሰባተኛውን እልልታ ግን አልጨረስሽውም፤ ሳቅ ያዘሽ። እኔ ከብርሃነሽ ደጅ ውርጩ ላይ ቆሜ እየቆጠርኩ ነበር። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነውና፣ ስድስት ላይ ስታቆሚ ወንድ ይሁን ሴት ግራ ገባኝ። ኋላ ፊትሽን በነጠላሽ እየጠረግሽ ብቅ አልሽና፣ «ወንድ ነው፤ ገና ከመምጣቱ ሸናብኝ» አልሽኝ። ጥር ነበር፣ በሃምሳ ዓመተ ምሕረት። ሰሞኑን ያ ጥር ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

በሰለች፣ እንዴት ከረምሽ? የእናትሽ ጉልበት ተሻለው? ጎረቤላ ከገባሽ ዓመት ከሁለት ወር ሆነሽ። ሁለት ጊዜ ጽፌልሽ አልመለስሽልኝም፤ አልተቀየምኩም። ይህን ግን አንብቢው። የሚያደርስልሽ ዘይኑልአቢዲን ነው፣ በርበሬ የሚሸጥልሽ የአልዩ አምባ ሰው። በቅሎዎቹን ጓሮ አስሮ ከፊቴ ተቀምጧል። ሠራተኛዋን አሰናብቻታለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

እኔ ደህና ነኝ። አሁንም ከንቲባ ነኝ። ገመድ እየጎተትኩ ቦታ በመለካት ጀምሬ፣ የአስፋልቱን መብራት አስተክዬ፣ ዛሬ ሥራዬ ማስረጃ መጻፍ ብቻ ሆኗል። ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ አይደለም። በዚህ ቀን ተወለደ።

የብርሃነሽ ሁለቱም ልጆች ታስረው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ለወላጁ ይመለሳል ተባለ። ለታናሹ ለኃይለ ገብርኤል በጥቅምት ማስረጃ ሰጠሁት፤ እውነተኛ ነው፣ ታኅሣሥ ሃምሳ አራት። ያ የሸናብሽ ገብረጻድቅ ግን ሃያ ሊሞላው ነው። ብርሃነሽ ቢሮዬ መጥታ ተቀመጠች። አልለመነችኝም፤ እጄን ብቻ ታያለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእሱም ጻፍኩ። ሐምሌ ሃምሳ ሦስት።

የክርስትና መዝገብ ላልተገኘለት ሦስት ምስክር እንደሚበቃ ታውቂያለሽ። ሁለቱን ከሞቱ ሽማግሌዎች መረጥኩ። ሦስተኛዋ ሲወለድ የነበረች ሴት መሆን አለባት። ያንቺን ስም ጻፍኩ። ፊርማሽንም እኔው ፈረምኩ።

ልጆቹ ተፈቱ። ሐምሌና ታኅሣሥ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልደት ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ጣቴን አጥፌ አልቆጠርኩም።

ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ላይ ወልደሩፋኤል፣ ያ መዝገብ ቤት የነበረው ጸሐፊዬ፣ አሁን ካድሬ የሆነው፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

«ጓድ ከንቲባ፣ ወይዘሮ ብርሃነሽ ፈጣን ናቸው። በአምስት ወር ሁለት ወንድ! አብዮቱ የሚፈልገው እንዲህ ያለ እናት ነው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀና ስል የምስቀው ብቻዬን ነበር። ጣቱን ሦስተኛው ስም ላይ አሳረፈ።

«እኚህ ባለቤትዎ አይደሉም? ከነገ ወዲያ ጎረቤላ ሰው እንልክና እንጠይቃቸዋለን።»

ልጆቹ ከተማው ውስጥ የሉም። የት እንዳሉ አልጽፍም። ለእነሱ ብለሽ የምትዋሺው ነገር የለም። ሲመጡ እንዲህ በዪ፦ ስሜን ሳይጠይቀኝ ነው የጻፈው፣ ፊርማው የእኔ አይደለም፣ ከተለያየን ዓመት አልፎናል። ሦስቱም እውነት ነው።

አውቅሻለሁ። አገጭሽን ቀና አድርገሽ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ የተቀበልኩት፤ ሐምሌ ነው» ልትዪ ነው። እባክሽ አትበዪ። ይህን አንድ ነገር ለእኔ ተዪልኝ።

ወንድምሽ ዘርአ ዳዊት ወንጀል ሠራበት ተብሎ በተወሰደበት ዕለት፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮዬ ከእኔ ጋር ነበር። «ይህንኑ ጻፍለት፤ ሌላ አልጠየቅሁህም» አልሽኝ። ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መሳቢያውን ከፍቼ ማኅተሙን አስገባሁና ቆለፍኩበት። አንቺም አየሽ። ብርሃነሽ ቢሮዬ ተቀምጣ እጄን ስታይ፣ እኔ የማየው መሳቢያውን ነበር።

ዘይኑልአቢዲን፣ «ከንቲባ፣ አዋጅ ነው የሚጽፉት?» እያለ ይቀልድብኛል። ኢንሻአላህ ነገ ረፋዱ ላይ እጅሽ ይገባል ብሎኛል። አንብበሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ጋቢዬን ልኬልሻለሁ፤ የጎረቤላ ንፋስ አያስተኛም። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ቅዱስ ሚካኤል ከፊትም ከኋላም ይሁንልሽ። ያ ከደጅ ቆሞ የሚቆጥረው፣

ወልደተንሣኤ

የረሳሁት፦ ስድስት አልነበረም ብለሽ ብዙ ጊዜ ተከራክረሽኛል። ስድስት ነበር። ሰባተኛውን እስካሁን

ዘይኑልአቢዲን ገና ከፊቴ ተቀምጧል። የግቢው በር ግን አሁን ተከፍቶ ተዘጋ።