ውሃ ያቆረው በርጩማ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 17

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? እኔ ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ስወጣ ነው የሚያስታውሰኝ፤ ቁጭ ስል ይረሳኛል።

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ድስት እያማሰልሽ፣ አውቶቡስ እየጠበቅሽ እንዳይሆን። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ዘግቻለሁ። ነገሩ ስለ አባትሽ ነው። «ድንገት ታመመ፣ በማግሥቱ አረፈ፣ አልተሠቃየም» ያልኩሽ እውነት አይደለም። አንቺም አልቅሰሽ አልቅሰሽ «እማዬ፣ እንኳንም አንቺ አጠገቡ ነበርሽ» አልሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምስጋናሽን ተቀበልኩ። አጠገቡ አልነበርኩም። እንዴት እንዳልነበርኩ ልንገርሽ። ከማኅበሩ ልጀምርልሽ፣ ነገሩ የመጣው ከዚያው ስለሆነ።

ማኅበራችን ያው እንደምታውቂው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል እንሰበሰባለን። የክፍሏን ግማሽ ብርድ ልብስ ሞልቶታል፤ በቀረው ላይ ሰው የሰጠን ተሽከርካሪ ወንበር ተገትሯል። አንዱ ጎማው ይንጫጫል። አራት ወንዶች ተሰብስበው ቅባት ቢቀቡት ጭራሽ ባሰበት። ሊቀመንበሩ አሁንም ርዕሰ መምህሩ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የትምህርት ቤቱን ደወል ይዘው ስለወጡ፣ ስብሰባ የሚጀመረው እሱ ሲቃጨል ነው። ስድሳን ያለፍን ሰዎች ደወል ስንሰማ እንደ ልጅ ዝም ጭጭ ብለን እንቀመጣለን። እኔ ጸሐፊ ነኝ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብለው ሾሙኝ። አሁን ያንን ጽሑፍ ማየት አስጠልቶኛል።

ብርድ ልብስ እናጥባለን፣ መነጽር እናስጠግናለን፣ ዝናብ ሲመጣ ቦይ እንጠርጋለን። ዋናው ሥራችን ግን ብቻቸውን የሚኖሩትን አዛውንት ዞሮ ማየት ነው። አሥራ ሰባት ነበሩ። ሐሙስ ጠዋት እያንዳንዳችን ካርዶቻችንን ይዘን እንወጣለን፤ አይተን ስንመጣ ካርዱ ላይ «ደህና» ብለን ጽፈን ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። አንደኛው ካርድ የአባትሽ ነበር።

አባትሽ መታየት አይወድም። መጀመሪያ የሄዱበት ቀን «ሬሳዬን ልትጠብቁ ነው የመጣችሁት?» ብሎ ከበር መልሷቸዋል። መላውን ያመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። «ጋሼ፣ እንግዲያው በርጩማዎን ጠዋት ደጅ ያውጧት፣ ማታ ያስገቧት። ደጅ ካየናት ደህና ነዎት ብለን እናልፋለን፣ አናንኳኳም» አለው። በዚህ ተስማማ። ወሬው ሲሰማ ሌሎቹም ኩሩዎች ተከተሉት፤ አንዷ ባልዲ ታወጣለች፣ አንዱ መጥረጊያ ያቆማል። «የበርጩማ ደንብ» ብለን በስብሰባ አጸደቅነው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በርጩማዋን ታውቂያታለሽ። ልጅ ሆነሽ ፊትሽን ለመታጠብ የምትቆሚባት ናት። መቀመጫዋ መሀሉ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለች፣ አንድ እግሯ ያጠረች። የሰው ቤት ቁም ሣጥን ሲሠራ ፀጉር የማያስገባ አናጢ፣ ለገዛ ቤቱ ሲሆን እግር ያሳጥራል። ጥሎን የወጣ ቀን ከመሣሪያ ሣጥኑና ከእሷ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም።

አሁን የመጀመሪያውን ልናገር። ስትሄጂ «እማዬ፣ ባትታረቁም ግድ የለም፤ ብቻ አልፎ አልፎ እይልኝ» ብለሽኝ ነበር። እኔም እሺ አልኩሽ። ከዚያ በየእሑዱ ስትደውይ «አየሁት፣ ደህና ነው፣ ትንሽ ከስቷል» እያልኩ የነገርኩሽ ሁሉ ከፀጉር አስተካካዩ የሰማሁት ነው። ካርዱን ሁልጊዜ የሚይዘው እሱ ነበር፤ ዓርብ ዓርብም ሄዶ ጺሙን ይላጨዋል። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ደጃፉን አልረገጥኩም። እናቴን የቀበርኩ ዕለት ሥራ ይዣለሁ ብሎ የቀረ ሰው ነው፣ ቤቱን አላይም ብዬ ነበር፤ አላየሁም። አንድ ጊዜ «ጉንፋን ይዞታል አሉ» ብትይኝ «ሾርባ ወስጄለታለሁ» ብዬሻለሁ። ሾርባ አልወሰድኩም ልጄ።

የዚያ ሳምንት ሐሙስ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጉንጩ አብጦ፣ ዳቦ የጎረሰ መስሎ ቤቴ መጣ። «እትዬ፣ ጥርሴን ላስነቅል ነው። የጋሼን ካርድ ይያዙልኝ። መግባት የለ፣ ማንኳኳት የለ፤ በርጩማዋን አይቶ ማለፍ ነው» አለኝ። ሌላ ሰው ፈልግ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጉንጩን ሳየው አፈርኩ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ረቡዕ ማታ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሰማዩ ግን ከንጋት ጀምሮ ጥርት ብሏል። በርጩማዋ ደጅ ናት። ካርዱን አውጥቼ ልጽፍ ስል ዓይኔ አረፈባት። ጎድጎዷ ውሃ አቁሯል፤ አንድ ቅጠል ተንሳፍፎበታል።

ውሃውን አይቻለሁ። ማታ አስገብቷት ቢሆን ውሃው ከየት ይመጣል? ይህን ለማወቅ ርዕሰ መምህር መሆን አያስፈልግም። ከትናንት ጀምሮ እንዳላስገባት እዚያው ቆሜ ገብቶኛል። በሩን አየሁት፣ ቀለሙ ተላልጧል። እጄን አንስቼ ነበር። ከዚያ «ረስቷት ነው፤ ሰው ይረሳል» አልኩ። ባንኳኳ ይከፍታል፣ ከላይ እስከ ታች ያየኛል፣ «እንዴት ነው፣ ጠፋሽ» ይለኛል፣ ያንን ፈገግታውን ያሳየኛል። እልሄ ተናነቀኝ። እጄን መለስኩ።

ከዚያ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ በርጩማዋን አዘንብዬ ውሃውን ደፋሁት። መቀመጫዋን በሻርፔ ጫፍ ወለወልኩ። ሲቀመጥባት እንዳይረጥብ ብዬ ነው። ቦታዋ መልሼ አቆምኳትና ካርዱ ላይ «ደህና» ብዬ ጽፌ ሄድኩ።

ዓርብ ፀጉር አስተካካዩ ሊላጨው ቢሄድ የሚከፍት ጠፋ። በሩን በትከሻው ገንጥሎ ገባ። አባትሽ ከወጥ ቤቱ ወደ አልጋው መሀል መንገድ ላይ ወድቆ አገኘው። ይተነፍስ ነበር። ሆስፒታል ስሄድ አልጋ ላይ አስተኝተውታል፤ ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው፣ መናገር አይችልም። ያወቀኝ አይመስለኝም። አንዳንዴ ደግሞ አውቆኛል እላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አረፈ። ሐኪሟ ወደ ጎን ወስዳኝ «ባለቤቱ ነዎት?» አለችኝ፣ አዎ አልኳት። «ወለሉ ላይ ሁለት ቀን ሳይቆይ አልቀረም። ሐሙስ ጠዋት ቢመጣ የምናደርግለት ነገር ነበር» አለችኝ። ሌላ ሰው አልሰማም።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ ደወሉን ሳይነኩት ስብሰባውን ጀመሩ። «በደጁ እያለፍን ሰው ወድቆ ቆየ። እንዴት ሆነ? እንነጋገር» አሉ። ከማኅበርተኞቻችን ስፌተኛዋ ናት የተናገረችው። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያ በኩል አልፋ ኖሯል። «በርጩማዋ ደረቅ ነበረች፤ እንኳን ዝናብ ጤዛ የነካት አትመስልም» አለች። «ማታ አስገብቷት ጠዋት አውጥቷታል ማለት ነው። የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው።» ሰው ሁሉ ሲተነፍስ ተሰማኝ። ሐሙስ ከሰዓት ከወደቀማ የማንም ጥፋት አይደለም።

ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አልተነፈሰም። «ረቡዕ ጠዋት የወሰድኩለት ዳቦ ዓርብ ስገባ በፌስታሉ እንዳለ ነበር። አልተቆረሰም» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ክፋት የለበትም፣ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው።

«እትዬ፣ ጠዋት ሲያልፉ በርጩማዋ እርጥብ አልነበረችም?»

«ደረቅ ነበረች» አልኩት።

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እንግዲህ በሰው እጅ የሆነ ነገር አይደለም። ጸሐፊዋ፣ ይመዝገብ» አሉ። እኔም መዘገብኩት፣ በዚያው በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ። ፀጉር አስተካካዩ ግን «ደንቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብሎ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። በሱቁ በኩል ሳልፍ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ መስታወት ያያል። ያ የወሬ ቋት የነበረ ሰው ፀጉር ሲቆርጥ እንኳ አይናገርም አሉ። አንጀቴን በላው። ደግሞ እሱን ሳይ ሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ቃለ ጉባኤው ተነብቦ መጽደቅ ነበረበት። መዝገቡን ቤት ረሳሁት አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የፊታችን ሐሙስ ግን አነበዋለሁ፤ «ደረቅ ነበረች» የሚለው ጋ ስደርስ አቁሜ ልክ እንዳልሆነ እናገራለሁ። ውሃውን ማን እንደደፋው እናገራለሁ። ትናንት ሱቁ ሄጄ ፀጉር አስተካካዩን ሐሙስ እንዳይቀር ለምኜዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። «እሺ እትዬ» አለኝና ወንበር አቀረበልኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ይህ ደብዳቤ ከሐሙስ በፊት እንደማይደርስሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ከሰው ሁሉ በፊት ለአንቺ ጻፍኩት።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ በምን አፌ። እሑድ ስልኩ ባይጮህ ምክንያቱን አውቃለሁ፣ አልቀየምሽም። ብቻ ምግብሽን አትተዪ። ሲከፋሽ መብላት የምትተዪው ነገር ከአባትሽ የወረስሽው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ርዕሰ መምህሩ የአባትሽን ካርድ ሰርዘው በቦታው የኔን አስገብተዋል፤ ብቻዬን ነኝና። «እርስዎስ ምን ያወጣሉ?» አሉኝ። በርጩማዋን አልኳቸው። ከቤቱ ይዣት መጥቻለሁ። በአጭሯ እግር ሥር ወረቀት አጥፌ ከትቼላታለሁ፣ እሱ ይህን ሁሉ ዘመን ያላደረገውን። ጠዋት አወጣታለሁ፣ ማታ አስገባታለሁ። ትናንት ማታ አውቄ ሳላስገባት አደርኩ። ዛሬ ጠዋት በመስኮት ቆሜ አየሁ፤ ካርዴን የያዘችው ስፌተኛዋ ከቅዳሴ ስትመለስ መጣች፣ በርጩማዋን አየች፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ አለፈች።

ልጄ፣ ያለሽበት ሁሉ የሚያንኳኳ ጎረቤት ይስጥሽ። ባትከፍቺለት የማይሄድ፣ ብትቆጪው የማይቀየም፣ ደህና ነኝ ብትዪው እንኳ ፊትሽን ሳያይ የማያምንሽ ሰው ይስጥሽ።

እናትሽ