ዳይሬክተራችን ግሩፑ ውስጥ ገቡ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ሉማሜ

ዛሬ በእረፍት ሰዓት፣ የሚጥል በሽታ ያለብን ሰዎች የምንመካከርበትን የቴሌግራም ግሩፕ ስከፍት ክው አልኩ። አዲስ የገቡት ሰው ዳይሬክተራችን አቶ ይርጋ ናቸው። ስማቸውም ፎቶአቸውም የራሳቸው ነው። እኔ እዚያ ያለሁት በሐሰት ስም ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሕመሜን የሚያውቅ የለም። አምና አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ፣ «ይጋባል፤ ለብቻው ይቀመጥ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ መልእክት ጻፉ። «ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ትናንት ወድቃ ተንፈራገጠች። ጎረቤቶች ክብሪት ለኩሰው አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። ደግማ ብትወድቅ ምን ላድርግ? እባካችሁ።»

ልጅቷ የእኔ ተማሪ ናት። ዛሬ ቀርታ ነበር።

ማንም አልመለሰላቸውም። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ መልሼ አወጣሁት። በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸው። «በጎኗ ያስተኟት። አፏ ውስጥ ምንም አያስገቡ። ክብሪቱ አይጠቅማትም። ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ያሳዩዋት። አይፍሩ፤ እኔም መድኃኒቴን እየወሰድኩ አስተምራለሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል ልብ ያልኳት ከላክሁ በኋላ ነው።

ወዲያው መለሱ። «እግዜር ይስጥልኝ። መምህር ነዎት? የት?»

መልእክቱን ማጥፋት እችል ነበር። ግን «እርስዎ ትምህርት ቤት፣ የልጅዎ መምህርት ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

አንብበውታል። «እየጻፈ ነው» የሚለው ብቅ ይላል፤ ይጠፋል። እንደገና ብቅ ይላል። ነገ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ፊት ለፊት እንቆማለን።