ሚዛኑን ማን መዘነው?

ጥቅምት 7
የቤተ ሙከራውን ሃያ አራት የመስታወት ቢከር አጠብኩ። የሁለቱ አፍ ተሸርፏል፣ ለየኋቸው።
ከሰዓት ዐሥረኛ ክፍሎች ገቡ። አርባ ተማሪ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን! ሥራቸው የአልሙኒየም ቁራጭ መዝነው፣ ይዘቱን በውሃ ለክተው፣ ክብደቱን ለይዘቱ ማካፈል። አስተማሪያቸው ገና ሳይጀምሩ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጻፈው። 2.7። «ልኩ ይሄ ነው!» ሁሌም እንዲህ ስለሚል ተማሪዎቹ ስሙን «ልኩ» ብለውታል። መልሱን ከነገራቸው ለምን ይለካሉ? እኔን ዕቃ ለማሳጠብ?

ጥቅምት 10
ደሜ ፈልቷል።
ልኩ ደብተር መለሰ። ሰላሳ ዘጠኙ 2.7፣ ሙሉ ማርክ። አንዷ 2.5፣ ዜሮ። መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ቀጭኗ ልጅ ናት፣ ጥያቄ ስለምታበዛ ክፍሉ «ለምን» የሚላት።
«ሦስቴ መዘንኩት፣ ቲቸር።»
«እንግዲያው ሦስቴ ተሳሳትሽ።»
ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ የውሃ መስፈሪያ ሲሊንደሮቹን እየሰበሰብኩ ነበር… መሰብሰቤን ቀጠልኩ። ለሳይንስ ክፍል የሚመረጡት ልጆች ዝርዝር በወሩ መጨረሻ ይወጣል። በዚህ ዜሮ አትገባም።

ጥቅምት 11
በእረፍት ሰዓት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ደህና ነው።
«እትዬ፣ አንዴ ደግሜ ልመዝን?»
ሰጠኋት። 50.2 ግራም። ይዘቱ 20። ያው 2.5። ሚዛኑን ከላይ እስከ ታች አየችና፣
«ሚዛኑንስ ማን መዘነው?» አለችኝ።
«እንዴት ነው ሚዛን የሚመዘነው?»
«ክብደቱን የማውቀው ነገር ልስጠው። መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ መቶ ግራም መሆን አለበት አይደል?»
መስፈሪያው ላይ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከውሃው እኩል አደረገች። የጎደጎደው የውሃው ሆድ መስመሩ ላይ እስኪያርፍ ጠብታ በጠብታ ጨመረች። ባዶውን ቢከር ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ዜሮ አደረገችና ውሃውን ገለበጠችበት። 93። ደገመችው፣ 93። ሌላ ሲሊንደር አመጣሁላት፣ 93።
የአልሙኒየሙን ክብደት በዚያው ልክ አስተካክላ አሰላችው። 54 ሲካፈል ለ20… 2.7።
«ታዲያ ሌሎቹ በዚህ ሚዛን እንዴት 2.7 አገኙ?»
ምን ልበላት? ከሰሌዳ ገለበጡ እንጂ መች አገኙ!
ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ… ሚዛኑ ለምን እንደሚሳሳት አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ መደርደሪያ ሳንቀሳቅስ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ሳበራው መብራቱ ሲመጣ «ተመስገን» ብዬ መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷም ዛሬ አልነገርኳትም።

ጥቅምት 12
ልኩን መምህራን ክፍል አገኘሁት። ውሃውን፣ 93ቱን፣ ሁሉንም ነገርኩት።
«እትዬ፣ ሰላሳ ዘጠኝ ተማሪ ልክ አግኝቶ አንዷ ስትሳሳት ሚዛኑ ነው ጥፋተኛው?»
«ሰላሳ ዘጠኙ አልመዘኑም! አንተ የጻፍከውን ነው የጻፉልህ!»
«ማርኩ ተላልፏል። እርስዎ ዕቃዎን ይጠብቁ።»
ካፈርኩ አይመልሰኝ! ልጄ የሚሆን ሰው…

ጥቅምት 13
ዳይሬክተሩም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ሚዛኑ ለመበላሸቱ ምን ማስረጃ አለ?» ማስረጃው እኔው ፊቱ ቆሜ ነበር። ሳልነግረው ወጣሁ።

ጥቅምት 15
ሚዛኑን መጣሌን ለእህቴ ነገርኳት። «አርፈሽ ተቀመጪ! ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። የሰው ልጅ ዜሮ ምን አገባሽ?» ጮህኩባት፣ ሰደብኳት። ለምን እንደዚያ ተናደድኩ? አራት ቀን ሙሉ ለራሴ ስለው የከረምኩትን ስላለችው ነው።

ጥቅምት 17
የመምህራን ስብሰባ ላይ ሚዛኑን ታቅፌ ገባሁ። ሲሊንደርና ውሃም ይዣለሁ። በሁሉም ፊት መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ መዘንኩ። 93።
«የጣልኩት እኔ ነኝ። ደብቄ ቆየሁ። ልጅቷ ልክ ናት።»
ጫጫታ ሆነ። የሒሳብ አስተማሪው ተነስቶ ራሱ መዘነ፣ 93። ዳይሬክተሩ አሁን ገና ማስረጃ አየ! ዜሮው ይሰረዛል፣ ሁሉም ሙከራውን ይደግማል ተባለ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ይገባኛል። ልኩ ቀና ብሎ አላየኝም።
ልጅቷን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ራሴ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ… ሞኝ!
«ያን ቀን ውሃውን ስንመዝን ያውቁ ነበር?»
«አውቅ ነበር።»
«እኔ ደግሞ ማታ ማታ ‹ዓይኔ ነው ወይስ ጭንቅላቴ?› እያልኩ…»
አልጨረሰችውም። ጥላኝ ሄደች። የተናደድኩባቸውን ሁሉ ቆጠርኩ… ልኩ፣ ዳይሬክተሩ፣ እህቴ። ልጅቷ ግን የተናደደችው በእኔ ነው። እውነቷን ነው።

ጥቅምት 24
ሙከራው ተደገመ። ከዕቃ ቤት አሮጌውን ባለሁለት ሳህን ሚዛን ወልውዬ አወጣሁ። አርባ ተማሪ፣ የቁጥር ዓይነት! 2.6፣ 2.8… አንዱ 3.4 አግኝቶ ከጓደኛው ጋር ተፋጀ፣ ለካስ ውሃው ግማሹ ወለል ላይ ነው። ልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሯሯጥ ላብ በላብ ሆነ። አያናግረኝም። ይቅር።
ልጅቷ 2.8 አገኘች። 2.8 ብላ ጻፈች።
ከመጀመራቸው በፊት ግን ወደ እኔ መጥታ ነበር። ሰላምታ የለም።
«ይሄኛውስ ተፈትሿል?»
ንዴቴ ተነሳ። ከዚያ ዋጥኩት።
«ዛሬ ጠዋት፣ በውሃ፣ አምስቴ።»
«ልየው።»
የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋት። በጣቷ አንድ በአንድ ወረደች። ሦስተኛው ላይ ቆመች።
«ይሄ 101 ይላል።»
«101 ነበራ።»
ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ስክሪብቶዋን አውጥታ አምስቱንም ቁጥር ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ 101ንም ጭምር። ወረቀቱን መልሳልኝ ወደ ቦታዋ ሄደች። አሁንም ሰላም አላለችኝም።