የትኛው ክኒን?

ሰኞ

የኮሌስትሮል መድኃኒቴን ወረቀት ዛሬ አነበብኩት። አራት ዓመት ሙሉ ከፓኮው እያወጣሁ ስጥለው የኖርኩትን ወረቀት። ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው ይላል፣ ከታች፣ በማይነበብ ደቃቅ ፊደል። አሥረኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ትናንትም ውጫለሁ።

ኮሌስትሮሌ የዘር ነው። አባቴ በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ወሰን ሰፈር ታክሲ ሲጠብቅ በልብ ሞተ።

ጤና ጣቢያ የሄድኩ ቀን ነርሷ ከካርዱ ቀና ሳትል «ክኒን ትወስጃለሽ?» አለችኝ። «ትቻለሁ» አልኳት። እሷም የወሊድ መከላከያውን፣ እኔም የወሊድ መከላከያውን ማለታችን ነበር። «ሌላስ መድኃኒት?» ብሎ መጨመር ምላስ ያደክም ነበር መሰለኝ። እኔም ባለ ዲግሪ ደደብ ነኝ።

ማክሰኞ

መገናኛ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ሻጩ ልጅ ማስቲካ እያኘከ ፓኮውን አየና «በቃ፣ ጽንሱ ተበላሽቷል። ብታስወርጂው ይሻላል» አለኝ። ከዚያ ለሌላ ሴት ሳሙና ሊሸጥ ሄደ። የልጄ ጉዳይ በእሱ ቤት አልቋል።

ናቅሁት። ግን እስከ የካ አባዶ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ እጄን ከሆዴ ላይ አላነሳሁም። የናቅሁት ሰው ቃል ለምን እንዲህ ይይዘኛል?

ረቡዕ

ክኒኑን ከሰኞ ጀምሮ አልወሰድኩም። ለባሌ ለታምራት ነገርኩት። መጀመሪያ ያለው ነገር «ሰው እንዳይሰማ» ነው። ጎበዝ። ከዚያ ራሱ ለእህቱ ለአስቴር ደወለላት፤ ማታውኑ መጣች።

አስቴር በአንድ ለአምስት ስብሰባ ሴቶችን ስለ ጤና የምታስተምር ናት። «ቀጭን ሰው ምን ኮሌስትሮል አለው? ለመቅጠን ብለሽ ነው የወሰድሽው» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት የእንጦጦን ዳገት ብወጣ ስቡ ይቀልጣል አለች። ይህን የምትለኝ እኛ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ሦስቴ ያረፈች ሴት ናት።

የሚያስፈራኝ፦ የልጁ እጅ። የልጁ ልብ። መድኃኒቱን ሳቆም የእኔ ልብ።

ሐሙስ

የማህጸን ሐኪም ጋ ከታምራት ጋር ሄድን። ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል አስጠበቁን፤ ሐኪሙን ልንቀው ተዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌ ናቸው። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ አባቴ የሞተበትን ዕድሜ ጠይቀው ጻፉ።

«ማቆምሽ ልክ ነው» አሉ። «ሳያውቁ የወሰዱ ብዙ እናቶች ደህና ልጅ ወልደዋል። በዚህ ምክንያት አስወርዱ አንልም። ያንቺን ልብ ከልብ ሐኪም ጋር እንከታተላለን። ደረትሽን ከያዘሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ።»

«ልጁ ምንም አይሆንም ይሉኛል?»

«አልልሽም። በአምስተኛው ወር እጅ እግሩን፣ ልቡን በደንብ እናየዋለን።»

አልትራሳውንዱን ወደ እኛ አዞሩት። አንዲት ባቄላ የምታክል ነገር፣ መሀሏ እርግብ እርግብ ይላል። «ልቡ ይሄው» አሉ።

ከወጣን በኋላ ታምራት እየተቻኮለ ከፊቴ ሄደ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነን «ምነው እንዲህ ቸኮልክ?» አልኩት።

«ፈርቼ ነው» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እጁን ያዝኩት፤ ላብ በላብ ነበር።