የአርባ ሁለት ልጆች አሻራ

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ረቡዕ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለሙሐመድኑር፤ ጅማ

አባ፣

ዛሬ ጠዋት ከአርባ ሁለቱ ልጆች የመጡት አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

አሰላሙ ዓለይኩም። ወሬው ሰላምታውን ቀድሞት ወጣ፤ ይቅር በለኝ። ከሰኞ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ ሻይ ቀድቼ ሳልጠጣው እነሳለሁ፣ አንዱን ነገር ልናገር ስል ሌላው ይቀድመኛል። የአንገትህ ቁስል እንዴት ሆነ? እንቅርቱ ከወጣ በኋላ ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት እንዳትናገር መከልከሉን አጎቴ ኻሊድ በስልክ ነገረኝ። ድምፅህ «ይመለሳል» ነው ያለው ወይስ «ሊመለስ ይችላል»? አጎቴን ብጠይቀው «ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም። በወረቀት ጽፈህ ሐኪሙን ጠይቅልኝ።

ደብዳቤ የመረጥኩት ለዚህ ነው። በስልክ ብነግርህ መመለስ አትችልም፤ መልስህን በአጎቴ አፍ መስማት ደግሞ አልፈልግም።

አሁን «የምን ልጆች?» ትላለህ። ሱቁን አደራ ብለኸኝ ስትሄድ እሺ ብዬህ ነበር። ከሐምሌ 28 ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት ሱቁ ውስጥ የሚቆመው ረዳታችን አብራር ነው። እኔ እስከ ስድስት ሰዓት በልጆች የክረምት ሳይንስ ካምፕ አስተምራለሁ። አንድ ድርጅት የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ለክረምቱ ተውሶ የከፈተው ነው፤ የአራት ሳምንት ሥራ ነው። ሃያ ሁለቱ ልጆች የከተማ ናቸው፣ ሃያውን መኪና ከጀዊ የስደተኞች መጠለያ ያመጣቸዋል። በፊዚክስ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ በሁለቱ ዓመት ትምህርቴ የጠቀመን ሚዛናችን ሲዛባ ለማስተካከል ብቻ ነው። ልነግርህ ነበር። ቀዶ ጥገናው ይለፍ አልኩ፤ ሲያልፍ ቁስሉ ይድረቅ አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦባንግ በሩ ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ቀና ብሎ አነበበና፣ «ቲቸር፣ ‹ካምፕ› የሚለው ቃል እኮ እዚህ አገር ሥራ ይዟል። ሌላ ስም አጥታችሁ ነው?» አለኝ። ሳቅሁ። መስማት ነበረብኝ።

ሰኞ የጣት አሻራ ተማርን። ያሉን የማጉያ መነጽሮች ስምንት ስለሆኑ የቀሩት ልጆች ስስ ፕላስቲክ ላይ የውኃ ጠብታ አኑረው በጠብታው ውስጥ እንዲያዩ አደረግሁ፤ በደንብ ያጎላል። ቀለሙ የሱቃችን ነው፤ ማኅተምህን የምትነክርበትን የቀለም ሣጥን ሳላስፈቅድ ወሰድኩ። ልጆቹ አመልካች ጣታቸውን እየነከሩ ወረቀት ላይ አተሙ። እኔ ደግሞ እንዳይቀላቀል ብዬ በየወረቀቱ ስም፣ ዕድሜና ሰፈር ጻፍኩ። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም፤ በራሴ ነው ያደረግሁት።

ያን ቀን ብታያቸው ደስ ይልህ ነበር። ጠምዛዛውን አሻራ «ቀንድ አውጣ» አሉት፣ ቀስት የሚመስለውን «የላም ቀንድ»። ኛሪየክን ታውቃታለህ፤ ከሱቃችን ጀርባ የምትኖረው የኛባንግ ልጅ ናት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በጠብታው ውስጥ የራሷን ጣት አየችና፣ «ይሄ ባሮ ነው፤ ድልድዩ ሥር ሲዞር» አለች። ከዚያ አርባ ሁለቱን ወረቀት መሬት ላይ ደርድረው፣ ተንበርክከው አንድ ዓይነት ፈለጉ። አላገኙም።

«ቲቸር፣ ሳድግስ ይለወጣል?» አለችኝ ኛሪየክ።

«አይለወጥም።»

«ሳረጅስ?»

«ብታረጂም አይለወጥም። ያንቺ ብቻ ነው።»

ደስ ብሏት ሄደች። ይህንኑ ቃል ይዛ ቤቷ ገባች።

ትናንት ከሰዓት ሱቅ ስደርስ ኛባንግ ቆማ ነበር። ሳሙና ልትገዛ የመጣች መስሎኝ ነበር።

«ሳሚያ፣ ልጄን ካምፕ መዘገብሽ?»

«ኧረ አልመዘገብኩም፤ ትምህርት ነው።»

«ስም ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ጣት ወሰድሽ?»

«ወሰድኩ፣ ግን...»

«በሩ ላይ ካምፕ ይላል?»

«ይላል።»

«እና ምን ቀረ?»

አብራር ከመደርደሪያው ሥር ሆኖ፣ «የቀረው የራሽን ዱቄቱ ነው» አለ። ሊያስቀን ብሎ ነው። ኛባንግ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም፤ «አንተ ሚዛንህን ጠብቅ» አለችው።

ከዚያ የእህቷን ልጅ ነገር አነሳችልኝ። ልጁ እዚሁ ጋምቤላ፣ ኢታንግ ተወልዶ ያደገ ነው። ትንሽ ሳለ አንድ ክረምት ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ሌላ አክስቱ ዘንድ ከርሞ፣ ምዝገባ ሲደረግ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተሰልፎ ጣቱን ሰጠ። አምና መታወቂያ ሊያወጣ ሄደ። «ጣቱን አስገቡት፣ ካምፕ ተገኘ» አለችኝ። «‹አንተ ስደተኛ ነህ፣ ሂድ› አሉት። እህቴ እዚያው ቆማለች፤ ‹እዚህ የወለድኩት እኔ ነኝ› ትላለች። እናት አንድ ትላለች፣ ጣት ሌላ ይላል። እነሱ ጣቱን ሰሙ። አንቺ ደግሞ ለልጄ አይለወጥም አልሻት።»

ብያለሁ፤ አይለወጥም።

የጀዊ ቤተሰቦች ደግሞ የፈሩት ተቃራኒውን ነው፤ ከተማ ውስጥ ጣት የሰጠ ልጅ ስሙ ከራሽን ካርዱ ይፋቃል ተብሏል። ማን እንዳለ አላወቅሁም። ትናንት ሠላሳ አንድ ልጆች ነበሩን። ዛሬ ከጀዊ ሃያ የሚያመጣው መኪና ስምንት ይዞ መጣ፤ ከከተማ አሥራ አንድ። ኦባንግ በሩን ከፍቶ መኪናው ውስጥ አንገቱን አስገባና፣ «ሹፌር፣ ሌሎቹን መንገድ ላይ አንጠባጠብካቸው?» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ የኛሪየክን ወረቀት ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ኛባንግ ተቀብላኝ ብዙ አየችው።

«ኮፒው የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«ኮፒ የለውም።»

«እነሱም እንዲህ ይላሉ።»

ኛሪየክ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ወትሮ ሮጣ ነበር የምትመጣው፤ ዛሬ ቀና አላለችም። አመልካች ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ትናንት ማታ እናትና አክስት ሲያወሩ ሰምታ፣ ጓሮ ወጥታ ድንጋይ ላይ ስትፈትገው ነበር። እናቷ ደም አይታ ነው ያስጣለቻት።

ቆዳው ሲድን ያው አሻራ ተመልሶ እንደሚወጣ አውቃለሁ። አልነገርኳትም። አባ፣ በሦስቱ ሳምንት አውቄ ያልመለስኩላት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ልወጣ ስል ኛባንግ፣ «አባትሽ የት ነው?» አለችኝ።

«ጅማ ነው፤ ታሟል።»

«እሱ ይናገር። ባሮ ሞልቶ ቤታችን ሲገባ የሰፈሩ ወረቀት ሁሉ በሱ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር። የኔ የልደት ወረቀት ሦስት ዓመት እሱ ጋ ተቀመጠ። አንድም አልጠፋም። ሙሐመድኑር ‹ይህ ምዝገባ አይደለም› ካለ፣ አይደለም። ሰው ሁሉ ይሰማዋል። አንቺ ግን አለቃ አለብሽ።»

«መናገር አይችልም፤ ሐኪም ከልክሎታል።»

«እጁም ታሟል?» አለች።

የምጠይቅህ ይህንን ነው። አስተባባሪያችን አንጀሊና ወላጆችን ለፊታችን ሰኞ ስብሰባ ጠርታለች። ካልተስማሙ ካምፑ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይዘጋል። ሁለት መስመር ብትጽፍ ይበቃል፤ ፊርማህን ሰፈሩ ያውቀዋል።

ግን ሳታውቅ እንዳትፈርም ሁሉንም ልንገርህ። ኛባንግ ከወሰደችው በቀር አርባ አንዱ ወረቀት በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሰው ሰነድ ጋር ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ኮፒ አልተነሳም፤ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ የለም። አንድ ፎቶ አለ። አንጀሊና ለሪፖርት ብላ ከበሩ ላይ ያነሳችው ነው፤ ልጆቹ ተንበርክከዋል፣ ወረቀቶቹ ከሩቅ ይታያሉ። አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት፤ ስም አይነበብም፣ አሻራም አይለይም። ፎቶው ግን ለድርጅቱ ተልኳል። እንዲያጠፉት ጠይቀናል፤ መልስ አልመጣም። ይህን ለኛባንግ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ሰኞ በሁሉም ፊት እነግራለሁ። አንተ ቀድመህ እወቀው ብዬ ነው።

ሌላም አለ። አንጀሊና ባለፈው ሳምንት፣ «ይህ በደህና ካለቀ ከመስከረም ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ እንከፍታለን፤ ያሰብኩት አንቺን ነው» ብላኛለች። ሙሉ ቀን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ። ለኛባንግ ብለህ የምትፈርመው ፊርማ ከሱቁም እንደሚያስወጣኝ ይገባኛል፤ አንተም ሳይገባህ አይቀርም። የመደርደሪያውን ቁልፍ ስታስረክበኝ «ከእንግዲህ ያንቺ ነው» ያልከኝን አልረሳሁም። ያኔ እሺ ያልኩህ ለአደራው ብቻ ነው።

አብራር ደህና ነው። ዕቃ አልጎደለም፤ ሱቁ አንድ ቀን አልተዘጋም። አላህ ቁስልህን ያድርቅልህ፣ ድምፅህን ይመልስልህ፤ ተመልሶ የመጀመሪያው ቃልህ ቁጣ ቢሆንም ቆሜ እሰማዋለሁ።

ደብዳቤውን ነገ ንጋት የሚነሳው የአውቶቡስ ሾፌር ይሰጥሃል። ያው ሾፌር እሑድ ከንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ከጅማ ይመለሳል፤ ቅዳሜ ማታ አጎቴ ጋ ይደውላል። የሚሰጠው ወረቀት ካለ ይቀበላል፤ ከሌለ ባዶ እጁን ይመጣል። ስብሰባው ሰኞ ነሐሴ 19፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነው።

ልጅህ ሳሚያ