ገጽ ሦስት ላይ ያለችው መስመር

ሰኞ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፮

ማመልከቻዬን ሦስት ቦታ ሰረዘው። በቀይ። «ረሃብ» የሚለው ቃል ያለበትን ሁሉ። አቶ ደምሴ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤታችን አለቃ፣ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አያነብም፤ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ቃል ይለቅማል። «ረሃቡ ወዲያ ቆላው ነው። የእኛ አገር ደህና ነው ተብሎ ሪፖርት ሄዷል። ቃሉ ካልወጣ ማኅተም የለም» አለኝ።

ማኅተም ከሌለው ማመልከቻዬን ማንም አያየውም። ካላዩት የሁለት ዓመቱ የውጭ ትምህርት ቀረ፤ ድርቅ የሚችለው ገብስ ጥናቴም ቀረ፤ እኔም እዚሁ መካነ ሰላም የዚህን ሰውዬ ፊት እያየሁ አረጃለሁ። ደብዳቤ ወደ ደሴ የሚወስደው የጭነት መኪና ዓርብ ይነሳል። ድፍት ያርገው!

ማክሰኞ

ቃሉን አወጣሁት። «የዝናብ መዘግየት» አልኩ።

የተሠራ፦ ገጽ አንድ እንደ አዲስ። ገጽ ሁለት አጠረ። ገጽ ሦስት፣ የሥራ ልምዴ፣ አልተነካም። እሱ እንኳ ያምራል።

ጋሽ ይመር፣ የቢሮው ታይፒስት፣ እየመቱ ድንገት ቆሙ። «የትናንቱ ገጽ አንድ፣ ሰው አለቀ ይላል። የዛሬው ዝናብ ዘገየ ይላል። ገጽ ሦስት ላይ ደግሞ የጥቅምቱን የሰብል ግምት ሪፖርት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ትያለሽ። ያ ሪፖርት ሰብሉ መካከለኛ ነው ነው የሚለው፤ የመታሁት እኔ ነኝ። በአላህ፣ ከሦስታችሁ የትኛሽን ነው የሚያስተምሩት?»

«የእርስዎ ሥራ መምታት ነው» አልኳቸው። መምታታቸውን ቀጠሉ። ባለጌ ነኝ። ግን ማን ጠየቃቸው?

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ይሄን ደብተር ማንም አያየውም። በጥቅምት ማሳ ለማሳ ዞሬ የጻፍኩት «ጠፍቷል» ብዬ ነበር። ደምሴ «መካከለኛ በዪው» አለ። አልኩት። ፈረምኩ። አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፣ ፈራሁ። ይሁን። ያንኑ ወረቀት ገጽ ሦስት ላይ እንደ ሙያ መደርደሬስ? እሱን ማን አዘዘኝ?

ረቡዕ

እትዬ ብርቄ መጡ። ወግዲ በኩል ያሉ ገበሬ ናቸው፤ በጥቅምት ገብሳቸውን የለካሁት እኔ ነኝ። ከባላቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ዕቃቸውን ተሸክመው በእግር ወደ ደሴ መሄዳቸው ነው። በጥቅምት የነበረችውን ሦስተኛዋን፣ ትንሿን ልጅ አላየኋትም። አልጠየቅኩም።

ሊሰናበቱኝ ነው የመጡት! «ጽፌያለሁ፣ እህል ይመጣል ስላልሽን ስንጠብቅ ከረምን። ወረቀቱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆን?» አሉኝ።

«እንጃ» አልኩ። እንደገና ዋሸሁ። ፊቴን አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሉ። ምነው በሰደቡኝ! ምነው በተፉብኝ! ቤት ያለኝን ዱቄት አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ መረቁኝ። ማመልከቻውንም፣ ገብሱንም፣ ራሴንም ጠላሁ።

ሐሙስ

ጉድ ነው! ረሃቡን ደበቀ የሚባለው ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ አለ ሬዲዮው። ረፋዱ ላይ ደምሴ አስጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ረሃቡን መልሺው። በደንብ ግለጪው። የኔም ስም ይግባበት፤ አብሬሽ እንደሠራሁ ይታወቅ።» ሰኞ ዕለት ቀይ ቀለም ሲያፈስብኝ የነበረው ሰውዬ! ልወጣ ስል ደግሞ፣ ለስለስ አድርጎ፣ «የጥቅምቱ ሪፖርት ላይ ፊርማው ያንቺ ነው አይደል?» አለ።

ገባኝ። ጠያቂ ከመጣ እኔን አሳልፎ ሊሰጥ ነው።

ፈርቻለሁ። ገጽ ሦስት ላይ ያለችውን መስመር ባወጣትስ? ውጭ አገር ያሉት በምን ያውቃሉ? ጋሽ ይመርን ስለ ማክሰኞው ይቅርታ ጠይቄ ይሄንኑ አማከርኳቸው። «እኔ የሰጠሽኝን ነው የምመታ። ቅጂው ግን ፋይል ውስጥ አለ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ» አሉ። እኝህ ሰውዬ ሲያናድዱ!

ዓርብ

ቅጹ «ለዚህ ጥናት ለምን አንቺን እንምረጥ?» ይልና ግማሽ ገጽ ባዶ ይተዋል። እዚያ ላይ ስለ ውጤቴና ስለ ትጋቴ የቀባጠርኩትን ጠዋት ቀደድኩት። በእንግሊዝኛ እንዲህ ጻፍኩ፦ «በጥቅምት ሰብሉ መጥፋቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አለቃዬ አቶ ደምሴ መካከለኛ ነው እንድል አዘዘኝ፤ ብዬም ፈረምኩ። እህል አልመጣም። የለካሁላቸው ሰዎች ተሰደዱ። ስለ ገብሱ ከማንበባችሁ በፊት ይህን ማወቅ አለባችሁ።»

የገጽ ሦስቷን መስመር አልነካኋትም። ጋሽ ይመር መቱት። አውጥተው ሲሰጡኝ «አሁን አንዲት ሆንሽ» አሉ።

ደምሴ ለቀመ። ገጽ አንድ ላይ የመለስኩትን «ረሃብ» አየ። የገዛ ስሙን ፈለገ፤ አገኘ። ፈገግ ብሎ ማኅተሙን ደለቀው።

ይቀበሉኛል? እንጃ። ዋሽቻለሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው ማን ያስተምራል! ነገሩ ሲታወቅ ሁለታችንንም ይጠሩናል። ይጥሩን።

ይሄን የምጽፈው ጭነት መኪናው ላይ ነው። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለፈረንጆች የጻፍኩትን ለእትዬ ብርቄ በአፌ ሳልነግራቸው ማደር አቃተኝ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ወደ ደሴ ነው። ሁለት ልጅ ያስከተሉ ባልና ሚስት ባየሁ ቁጥር አስቆማለሁ። ሾፌሩ «እቴ፣ ደብዳቤ ልታደርሺ ነው ሰው ልትቆጥሪ?» እያለ ይነጫነጫል። አራቴ አስቆምኩት። አራቱም ጊዜ እሳቸው አልነበሩም።